የኢትዮጵያ ፖስታ፦ ከእግረኛ መልእክተኛ እስከ ሳጥን ቁጥር

1. ፖስታ ቤት ከመኖሩ በፊት

በኢትዮጵያ ደብዳቤ ከፖስታ ቤት እጅግ ይቀድማል። ነገሥታትና መሳፍንት ከየአገሩ ገዥ፣ ከገዳማትና ከአድባራት፣ ከባሕር ማዶ መንግሥታትም ጋር በጽሑፍ ሲገናኙ ኖረዋል። ጸሐፊው ይጽፋል፣ ማኅተም ይደረግበታል፣ ከዚያ ለታመነ ሰው ይሰጣል። መልእክተኛው አንዳንዴ በበቅሎ፣ ብዙውን ጊዜ ግን በእግሩ የሚገሰግስ ነው። እግረኛው ደብዳቤውን ጫፉ በተሰነጠቀ በትር ሰክቶ ከፍ አድርጎ ይይዘው ነበር። እንዲህ ሲያዝ ወረቀቱ ከላብና ከእድፍ ይድናል፤ በመንገድ ላይ ያለ ሰውም ሰውዬው መልእክተኛ መሆኑን ከሩቅ ይለያል።

የሲራራ ነጋዴዎችም ከሸቀጣቸው ጋር ወረቀት ያደርሱ ነበር። ወደ ውጭ የሚሄደው ደብዳቤ በምጽዋ፣ በዘይላ፣ ኋላም በጅቡቲ በኩል ወደ መርከብ ይደርሳል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን ቁርጥ ያለ ዋጋ የለም፣ የታወቀ የመነሻ ቀን የለም፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ በርም የለም። ደብዳቤ መላክ የሚችለው መልእክተኛ ማሠማራት የሚችል ወይም ወደዚያው የሚሄድ መንገደኛ የሚያውቅ ሰው ነው። ፖስታ እንደ ተቋም የሚጀምረው ላኪው አድራሹን ሳያውቀው፣ አድራሹም ላኪውን ሳያውቀው፣ በተወሰነ ዋጋ አደራ መስጠትና መቀበል ሲቻል ነው።

2. ምሥረታውና የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች

የኢትዮጵያ ፖስታ የተቋቋመው በ1886 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ትእዛዝ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።) ጊዜው የባቡር ሐዲድ ውል የተሰጠበት፣ ከኢጣልያ ጋር በውጫሌ ውል የተነሣው ክርክር ወደ ጦርነት እያመራ የነበረበት ነው። ይህ ግጥጥሞሽ የተቋሙን የመጀመሪያ ዓላማ ያሳያል። ደብዳቤ የሚጽፈው ሕዝብ ገና ጥቂት ነበር፤ መንግሥቱ ግን በራሱ ስም ቴምብር ማሳተሙ፣ በራሱ ማኅተም ደብዳቤ መምታቱ፣ ራሱን ችሎ የቆመ አገር መሆኑን ለውጭው ዓለም የሚናገር ነበር። የኢትዮጵያ ፖስታ መጀመሪያ የሉዓላዊነት ምልክት ሆኖ ተወለደ፤ የሕዝብ አገልግሎት ወደ መሆን የደረሰው በዝግታና በብዙ ደረጃ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች ፓሪስ ውስጥ ታትመው በ1887 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋሉ። ቅርጻቸውን የሠራው የፈረንሳይ ቴምብሮችን ይቀርጽ የነበረው ኤዤን ሙሾን ነው። ሩብ፣ ግማሽ፣ አንድና ሁለት ግርሽ የሚያወጡት አራቱ የምኒልክን ምስል ዘውድ እንደጫኑ ያሳያሉ፤ 4፣ 8 እና 16 ግርሽ የሚያወጡት ሦስቱ ደግሞ የይሁዳን አንበሳ። 16 ግርሽ አንድ ጠገራ ብር ስለነበረ፣ ትልቁን ቴምብር የሚገዛ ሰው አንድ ሙሉ ብር ቆጥሮ መክፈል ነበረበት። ከአንድ ወረቀት በላይ የማትከብደው ደብዳቤና ሙሉ ጠገራ የሚያስከፍለው ከባድ ጥቅል በአንድ የዋጋ መሰላል ላይ መቀመጣቸው አዲስ ነገር ነበር፤ ከዚያ በፊት የመልእክተኛው ዋጋ የሚወሰነው በላኪው ማዕረግና በመንገዱ ርዝመት ነው።

በእነዚያ ዓመታት የፖስታው ሥራ ያተኮረው በእንጦጦና በአዲስ አበባ፣ በሐረርና ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከደጋው እስከ ሐረር በእግረኛና በበቅሎ፣ ከዚያ እስከ ጠረፍ ደግሞ በረሃውን በግመል ማቋረጥ ያስፈልግ ነበር። በዚሁ አቅጣጫ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክና የቴሌግራፍ ሽቦ ተዘረጋ፤ የፖስታና የሽቦ ሥራም ለብዙ ዘመን በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረ።

አንድ ትልቅ ችግር ግን ነበር። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስላልነበረች ቴምብሯ ከድንበሯ ውጭ አይታወቅም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል፦ እስከ ጠረፍ ላለው መንገድ የኢትዮጵያ ቴምብር፣ ከጅቡቲ ወዲያ ላለው ደግሞ የፈረንሳይ ግዛት ቴምብር። ከዚያ ዘመን የተረፉ ፖስታዎች ላይ የምኒልክ ምስልና የቅኝ ግዛቱ ቴምብር ጎን ለጎን ተለጥፈው፣ ሁለት የተለያዩ ማኅተሞች ተመትተውባቸው ይታያሉ። በ1890ዎቹ ውስጥ ደግሞ በእነዚያው የፓሪስ ቴምብሮች ላይ «ኢትዮጵያ» በፈረንሳይኛ፣ «ቦስታ»፣ «መልክት» የሚሉ ቃላት እየተደረቡ ታተሙ፤ ኋላም ዋጋው በሳንቲም የተደረበበት መጣ። ለቴምብር ሰብሳቢ እነዚህ ዛሬ ውድ ናቸው፤ ለታሪክ ተመልካች ደግሞ ገና ገንዘቡንና ደንቡን እያስተካከለ የነበረ መሥሪያ ቤት መዝገብ ናቸው።

3. ወደ ዓለም ፖስታ ኅብረት መግባት

የዓለም ፖስታ ኅብረት በ1867 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ በርን ከተማ የተመሠረተ ነው። መሠረተ ሐሳቡ ቀላልና ታላቅ ነው፦ አባል አገሮች ሁሉ ለደብዳቤ ሲባል እንደ አንድ ግዛት ይቆጠራሉ። ቴምብሩን የሸጠው አገር ገንዘቡን ያስቀራል፤ ተቀባዩ አገር ደግሞ የሌላውን ደብዳቤ ተጨማሪ ሳያስከፍል ለባለቤቱ ያደርሳል፤ የእሱም ደብዳቤ በሌላው ዘንድ እንዲሁ ይስተናገዳል። (አንድ አገር ከላከው ይበልጥ የሚቀበል ከሆነ ማካካሻ እንዲከፈለው የሚያደርገው ደንብ የመጣው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው።)

ኢትዮጵያ ወደ ኅብረቱ የገባችው ጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም. ነው። ፈረንሳይ በኢትዮጵያ ምድር ከፍታቸው የነበሩት የራሷ ፖስታ ቤቶችም በዚሁ ወቅት ተዘጉ። በአንድ አገር ውስጥ የሌላ መንግሥት ፖስታ ቤት መኖር በዚያ ዘመን የደካማነት ምልክት ነበር፤ ኦቶማን ቱርክና ቻይና ለረጅም ጊዜ ሲያዝኑበት ኖረዋል። ኢትዮጵያ በጥቂት ዓመት ውስጥ መገላገሏ ቀላል ድል አይደለም። ወዲያውም የሰሎሞንን ዙፋንና ምኒልክን የሚያሳዩ አዳዲስ ቴምብሮች ወጡ፤ እነዚህ እስከ የትም የሚያደርሱ የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ፖስታ፣ ቴሌግራፍና ቴሌፎን አንድ ላይ የሚተዳደሩበት ሚኒስቴር ተደራጀ።

4. ባቡር፣ አውሮፕላን፣ ወረራ

የፖስታን ፍጥነት የሚወስነው ማጓጓዣው ነው። የጅቡቲ ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ የበረሃው የግመል ጉዞ ቀረ፤ ድሬዳዋም ከሐረር ይልቅ የደብዳቤ መገናኛ ሆነች። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የፖስታው ከረጢት ከመርከብ ወርዶ በቀናት ውስጥ ዋና ከተማው ውስጥ ይገኝ ጀመር። በ1911 ዓ.ም. የወጣው የቴምብር ስብስብ ቀጭኔ፣ ነብር፣ አውራሪስና ሰጎን፣ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱንና አልጋ ወራሽ ተፈሪን ያሳያል። በ1920 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አዲስ ዋና ፖስታ ቤት ሲከፈት ለመታሰቢያው ጽሑፍ የተደረበባቸው ቴምብሮች ወጡ። በዓመቱ ነሐሴ የመጀመሪያው አውሮፕላን ወደ አገሪቱ ሲገባ እንዲሁ ሆነ፤ የአየር ፖስታ ቴምብርም ተከተለ።

በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ በሕግ ከተፈቀደው በቀር የኢትዮጵያውያንን ደብዳቤ ምስጢር ማንም እንዳይደፍር የሚከለክል አንቀጽ ገባ። ይህ አንቀጽ ለፖስታ እንደ ሐዲዱ ያህል ይጠቅማል፤ ሰው የሚጽፈው የጻፈው እንደማይከፈት ሲያምን ነውና። ሐሳቡ በ1948ቱም ተደግሟል፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ አንቀጽ 26 በፖስታ የሚደረግን ግንኙነት በስም ጠቅሶ ይጠብቃል።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የኢጣልያ ወራሪ አስተዳደር የኢትዮጵያን ቴምብር ሽሮ የራሱን ንጉሥ ምስል አወጣ፤ ቀጥሎም ለምሥራቅ አፍሪካ ግዛቶቹ በጠቅላላ የሚያገለግል ቴምብር አሳተመ። ለሠራዊቱና ለሰፋሪዎቹ ብሎ የሠራቸው መንገዶች ግን ከነጻነት በኋላ ለፖስታ መኪና ጠቀሙ። በ1934 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ምስል የያዘ አዲስ ቴምብር ሲወጣ የአገሪቱ ፖስታ ዳግም በራሱ ስም ቆመ።

5. መሥሪያ ቤቱ ራሱን ሲችል

ከነጻነት በኋላ ያለው ሠላሳ ዓመት የአደረጃጀት ዘመን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መጋቢት መጨረሻ ወደ ካይሮ መብረር ሲጀምር ፖስታው የራሱ አገር አውሮፕላን አገኘ። የአገር ውስጥ በረራም ሲስፋፋ በክረምት መንገድ የሚቆረጥባቸው ከተሞች ደብዳቤ ይደርሳቸው ጀመር።

በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ሥራ ከሚኒስቴሩ ተለይቶ ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተሰጠ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የፖስታ አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 240 ወጣ፤ ፖስታውም በራሱ ሕግ የሚመራ መሥሪያ ቤት ሆነ። ከዚያ በኋላ እየተቀያየሩ የመጡት ሕጎች የድርጅትነት መልክ እየሰጡት፣ ወጪውን በገቢው እንዲችል እየጠየቁት ዛሬ ደርሷል። ይህ ጥያቄ የፖስታን ተፈጥሮ ይፈትናል። በአንድ ዋጋ ቦሌም ሞያሌም አድርስ የተባለ መሥሪያ ቤት በከተማ የሚያተርፈውን በጠረፍ ይከስራል፤ ይህን ማቻቻል የሥራው መሠረት እንጂ የአሠራር ጉድለት ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

በቸርችል ጎዳና ላይ የቆመው ዋናው መሥሪያ ቤት በዩጎዝላቪያ አርክቴክቶች ተነድፎ በዚሁ ጊዜ የተሠራ ነው። አካባቢው ሁሉ «ፖስታ ቤት» ተብሎ ይጠራል፤ የታክሲ ረዳትም እንዲሁ ብሎ ይጣራል። በግቢው ያለው የፖስታ ሙዚየም ከ1887ቱ ቴምብሮች ጀምሮ ስብስቡን ያሳያል።

ድርጅቱ በደረጃ የተዋቀረ ነው። ከላይ ዋናው መሥሪያ ቤትና የመለያ ማዕከሉ፣ በየክልሉ ትልልቅ ቅርንጫፎች፣ ከእነሱ ሥር ትንንሽ ቅርንጫፎች፣ በመጨረሻም የፖስታ ወኪሎች አሉ። ወኪሉ የድርጅቱ ቋሚ ሠራተኛ ሳይሆን በውል የሚሠራ ሰው ነው። ቅርንጫፍ ለመክፈት ሥራ በማይበቃባቸው ትንንሽ ከተሞች ቴምብር ይሸጣል፣ ደብዳቤ ይቀበላል፣ የመጣውንም ያድላል። በወጪ ረገድ ለአገሪቱ የተስማማ መልክ ነው፤ ፖስታውን ከአስፋልት ውጭ ያደረሱትም በብዛት እነዚህ ወኪሎች ናቸው።

6. ሳጥን ቁጥር

የኢትዮጵያን ፖስታ ከሌሎች ብዙ አገሮች ፖስታ የሚለየው ደብዳቤው ቤት ድረስ አለመሄዱ ነው። መንገዶች ስም አልነበራቸውም፤ የቤት ቁጥር በ1960ዎቹ ቀበሌ ሲቋቋም ቢመጣም ቁጥሩ የሚያገለግለው ለአስተዳደር እንጂ አንድ እንግዳ ሰው ቤቱን ፈልጎ እንዲያገኝበት ተብሎ የተደረደረ አይደለም። ስለዚህ አድራሻ ሆኖ የኖረው ፖስታ ሳጥን ቁጥር፣ በአጭሩ ፖ.ሣ.ቁ. ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በፖስታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ቁጥር የተለጠፈባቸው የብረት ሳጥኖች በረድፍ ተደርድረዋል። ተከራዩ በዓመት ኪራይ ከፍሎ ቁልፍ ይይዛል፤ ሠራተኛው ከጀርባ ይሞላል፣ ባለቤቱ በፈለገው ሰዓት ከፊት ከፍቶ ይወስዳል። መሥሪያ ቤት ሁሉ በደብዳቤው አናት ላይ ሳጥን ቁጥሩን ያትማል። ቢሮው ከፎቅ ወደ ፎቅ፣ ከሰፈር ወደ ሰፈር ቢዛወርም ቁጥሩ አይለወጥም፤ የብዙ ድርጅቶች ቁጥር ከሕንፃቸው ይበልጥ ዕድሜ አለው።

ግለሰብ ግን ሳጥን የሚከራየው አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛው ሰው የተጠቀመው በሌላው ሳጥን ነው፦ በትምህርት ቤቱ፣ በሆስፒታሉ፣ በእርሻ ልማቱ፣ በፋብሪካው፣ በጦር ክፍሉ፣ በቤተ ክርስቲያኑ። በፖስታው ፊት ላይ የተቀባዩ ስም ከሰፈረ በኋላ «በእገሌ ትምህርት ቤት በኩል» የሚል መስመር ይገባል፤ ከዚያ ሳጥን ቁጥሩና ከተማው። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአንድ ቁጥር ሺህ ተማሪና የተማሪዎቹን ቤተሰብ ሁሉ ይወክላል። የትምህርት ቤቱ ተላላኪ ሳጥኑን ከፍቶ የሚያመጣው ጥቅል በጽሕፈት ቤቱ መስኮት ወይም በማስታወቂያ ሰሌዳ መስታወት ውስጥ ይደረደራል፤ በእረፍት ሰዓት ተማሪው እየተጋፋ ስሙን ይፈልጋል። ለአባት የመጣው ደብዳቤ በልጅ ደብተር ውስጥ ተደርጎ ወደ ቤት ይገባል። ማንበብ የማይችል ወላጅ ዘንድ የሚያነበውም ያው ልጅ ነው፤ መልሱንም እየተነገረው ይጽፋል። ከናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ የሚለው የታወቀ አጀማመር በአገሪቱ ዳር ከዳር አንድ ዓይነት ሊሆን የቻለው ይህን ያህል እጅ በዚህ መንገድ ስለጻፈው ነው።

ስለዚህ የፖስታው መስፋፋት ከትምህርት ቤት መስፋፋት ተለይቶ አይታይም። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪዎችና መምህራን በገጠር ሲበተኑ፣ በ1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የደብዳቤ ጸሐፊው ቁጥር ጨመረ። በጦርነት ዓመታትም በግንባር ያለ ወታደር ከቤተሰቡ ጋር የሚገናኘው በዚሁ መስመር ነበር። የጋዜጣና የመጽሔት የብዕር ጓደኛ ዓምድ፣ የራዲዮ አድማጮች ደብዳቤ፣ የርቀት ትምህርት፣ ሁሉም የቆሙት በሳጥን ቁጥር ላይ ነው።

ወደ ውጭ የወጣው ኢትዮጵያዊ ሲበዛ ደግሞ ሰማያዊ ጠርዝ ያለው የአየር ፖስታ ከአሜሪካ፣ ከኢጣልያ፣ ከዓረብ አገሮች ይመጣ ጀመር። ፎቶግራፍ በውስጡ አለ፤ አንዳንዴም ገንዘብ ይኖርበታል፤ ይህን ማድረግ የተከለከለ ቢሆንም። የአሜሪካ የዲቪ ሎተሪ ማመልከቻ እስከ 1996 ዓ.ም. ድረስ በወረቀት ተሞልቶ በፖስታ ይላክ ስለነበር በየዓመቱ የማመልከቻው ወቅት ፖስታ ቤቶች ይጨናነቁ ነበር። ዕጣ የወጣለትም የሚያውቀው በሳጥኑ ውስጥ ወፍራም ፖስታ ሲያገኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ምዝገባው ወደ ኢንተርኔት ተዛወረ።

7. የአደራ ደብዳቤ እንዴት ይሄዳል

ተራ ደብዳቤ ቴምብር ተለጥፎበት በመንገድ ዳር ሣጥን ውስጥ ይጣላል፤ ከዚያ በኋላ በስሙ የሚከታተለው ሰው የለም። የአደራ ደብዳቤ ወይም ሬኮማንዴ ግን ሌላ ነው፤ የተቋሙም አደረጃጀት በግልጽ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ላኪው በመስኮት ይቀርባል። ሠራተኛው ደብዳቤውን ይመዝናል፣ ዋጋውን ያሰላል፣ ተከታታይ ቁጥር ያለው ወረቀት ይለጥፍበታል፣ ያንኑ ቁጥር የያዘ ደረሰኝ ለላኪው ይሰጣል። ቴምብሩ በቀን ማኅተም ይመታል፤ ማኅተሙ የፖስታ ቤቱን ስምና ቀኑን ይይዛል። ደብዳቤው በመዝገብ ሰፍሮ ወደ ከረጢት ሲገባ ከእሱ ጋር የዝርዝር ወረቀት ይገባል፤ የከረጢቱም አፍ ታስሮ ይታሸጋል። በመለያ ማዕከሉ እሽጉ ተፈትሾ ይከፈታል፣ በዝርዝሩ ያለው ከከረጢቱ ይዘት ጋር ይመሳከራል፣ አንዱ ሠራተኛ ፈርሞ ያስረክባል፣ ሌላው ፈርሞ ይረከባል። በእያንዳንዱ ርክክብ ፊርማ አለ። ደብዳቤው ቢጠፋ የመጨረሻው ፊርማ የት እንደቀረ ይታያል፤ ተጠያቂውም ይታወቃል።

ከረጢቱ የሚሄደው እንደ መንገዱ ነው፤ በአውሮፕላን፣ በፖስታ መኪና፣ በሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ። በመድረሻው የአደራ ደብዳቤ ሳጥን ውስጥ አይቀመጥም፤ በሳጥኑ ውስጥ የሚቀመጠው ማስታወቂያ ነው። ተቀባዩ ማስታወቂያውንና መታወቂያውን ይዞ በመስኮት ፈርሞ ይወስዳል። ከውጭ የመጣ ጥቅል ከሆነ የጉምሩክ ሠራተኛ ፊት ተከፍቶ ይፈተሻል፣ ቀረጥ ካለበት ይከፈልበታል። ላኪው ከፈለገ የተቀባዩ ፊርማ ያለበት የመልስ ደረሰኝ ይመለስለታል፤ ፍርድ ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ወረቀት መድረሱን የሚያስረዱበት አንዱ ማስረጃ ይህ ነው።

በዚሁ የርክክብ ሥርዓት ላይ ሃዋላም ተገንብቷል። ገንዘቡ ራሱ አይጓዝም፤ በአንዱ መስኮት ገቢ ሆኖ ትእዛዙ ይላካል፣ በሌላው መስኮት ይከፈላል። ባንክ ባልነበረባቸው ከተሞች ልጁን ከቤት ርቆ የሚያስተምር ወላጅ የወር ቀለብ የሚልከው እንዲህ ነበር። አፋጣኝ መልእክት ኢ.ኤም.ኤስ. ከዚህ ሥርዓት ላይ ፍጥነት ጨምሮ የመጣ ነው።

8. የዛሬው ሥራ

በ1991 ዓ.ም. ሞባይል ስልክ ሲገባ፣ ከዚያም ሲስፋፋ፣ የቤተሰብ ደብዳቤ ቀረ። ባንኮች ቅርንጫፋቸውን ሲያበዙ፣ በስልክ ገንዘብ መላክ ሲመጣ ሃዋላውም ቀነሰ። እንደ ዲኤችኤል ያሉ የግል አድራሾች የከተማውን አትራፊ ሥራ ይጋራሉ። በሳጥኑ ውስጥ የቀረው በብዛት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የባንክ መግለጫ፣ መጽሔትና መጽሐፍ ነው።

ያልቀነሰው ዕቃ ነው። በኢንተርኔት ከውጭ የሚታዘዝ ትንንሽ ጥቅል በፖስታ ይመጣል፤ የሚደርሰውም በዚያው በሳጥን ቁጥርና በማስታወቂያ ወረቀት ነው። መንግሥታዊ ሰነዶችም ወደ ፖስታ መስኮት መጥተዋል፤ ከነዚህ ዋነኛው ፓስፖርት ነው። አመልካቹ በኢሚግሬሽን አሻራ ከሰጠ በኋላ የታተመውን ፓስፖርት ከፖስታ ቤት ፈርሞ የሚረከብበት አሠራር ተዘርግቷል፤ ከአደራ ደብዳቤው ሥርዓት ጋር ልክ አንድ ነው። ድርጅቱ ራሱን ኢትዮ ፖስታ ብሎ አዲስ መለያ ይዞ በዕቃ ማድረስና በኤሌክትሮኒክ ንግድ ላይ ለመሥራት ተነሥቷል።

በዓለም አቀፉ ወገን ኢትዮጵያ የኅብረቱ ንቁ አባል ናት። የዓለም ፖስታ ኅብረት ልዩ ጉባኤ ከነሐሴ 28 እስከ ጳጉሜን 2 ቀን 2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተካሂዷል። በአፍሪካ ደረጃም ዋና ጽሕፈት ቤቱ በታንዛኒያ አሩሻ የሆነው የፓን አፍሪካ ፖስታ ኅብረት አለ።

ቤት ለቤት ማድረስ ገና ሙሉ አልሆነም። በአዲስ አበባ ለጎዳናዎች ስም መስጠቱና የቤት አድራሻ ሥራው ሲጠናከር ለፖስተኛው መንገድ ይከፍታል፤ በስልክ ደውሎ ዕቃ የሚያደርስ ሠራተኛም አሁን አለ። በሌሎች ከተሞችና በወረዳ ግን ደብዳቤው ዛሬም የሚደርሰው ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ወደ ጤና ጣቢያውና ወደ ወኪሉ ሳጥን ነው።